ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፦ ከመቅደላ እስከ አሰበ ተፈሪ

በዚህ እትም የታሪክ ዓምዳችን የምናወጋችሁ ስለ አንድ ሐኪም ነው። ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብዙ ተጽፏል፤ ተማሪዎቻችንም በክፍል ውስጥ ይማሩታል። በልጅነቱ ከአገሩ የተወሰደ፣ ስሙንና ቋንቋውን ያጣ፣ በሰው አገር ተምሮ መጨረሻ ላይ ወደ አንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ የመጣ ሐኪም ታሪክ ግን እኛን ይበልጥ ይመለከተናል ብለን አሰብን። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ቦታውን እንወቅ። ከዚህ ከናጋድ ጣቢያ የሚነሳው ባቡር አሊ ሳቢየህን፣ ደወሌንና ድሬዳዋን አልፎ ሚኤሶ ይደርሳል። ከሚኤሶ ቆላ ሽቅብ ወደ ጨርጨር ተራሮች ሲወጣ አንድ ከተማ አለ። ዛሬ ጭሮ ይባላል፤ የቀድሞ ስሙ አሰበ ተፈሪ ነው። ቡና አብቃይ አገር ነው። ከእኛ መካከል በዚያ መንገድ የመጡ፣ ዘመድም ያላቸው አይጠፉም። ይህችን ከተማ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የአውራጃው ዋና ከተማ አድርገው ያስተዳደሩት ሐኪም ነበሩ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ይባላሉ። በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ ደግሞ ዶክተር ቻርልስ ማርቲን በመባል ይታወቃሉ።

አንድ ሰው እንዴት ሁለት ስም ኖረው? ታሪኩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

መቅደላ፣ 1868

ወርቅነህ የተወለደው በ1860ዎቹ አጋማሽ በጎንደር ነው። አባቱ እሸቴ ወልደማርያም ይባላሉ። ቤተሰቡ ከአፄ ቴዎድሮስ ጋር መቅደላ አምባ ላይ ከነበሩት ብዙ ሰዎች መካከል ነበር። በ1868 በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር በቀይ ባሕር በኩል ዙላ ላይ ወርዶ፣ ተራራና ሸለቆ አቋርጦ መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ ወር ላይ ውጊያው አለቀ፤ ንጉሡም እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። አምባው ተዘረፈ፣ ተቃጠለም። የብራና መጻሕፍት፣ ዘውድና የቤተ ክርስቲያን ንዋያተ ቅድሳት ተጭነው ሄዱ።

በዚያ ሁሉ ግርግር ሦስት ዓመት ገደማ የሆነው ሕፃን ከወላጆቹ ተለየ። ቻምበርሌን የሚባል አንድ ኮሎኔል ልጁን አግኝቶ ወደ ሕንድ ይዞት ሄደ። ቻምበርሌን ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ማርቲን የሚባል ሌላ ኮሎኔል ደግሞ የትምህርት ወጪውን ቻለለት። ልጁም ከሁለቱ ሰዎች ስም ተውጣጥቶ «ቻርልስ ማርቲን» ተባለ። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ በአጠገቡ አንድም ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ ሌላም ልጅ እናስታውስ። የቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም ከዚያው ከመቅደላ፣ በዚያው ጦር ተወስዷል። የንጉሥ ልጅ ስለነበረ እንግሊዝ አገር ገብቶ በንግሥት ቪክቶሪያ ሥር አደገ። በ1879 ዓ.ም. ግን በ18 ዓመቱ ታሞ ሞተ፤ መቃብሩም እዚያው ዊንዘር ነው። ከአንድ አምባ የወጡ ሁለት ልጆች ናቸው፤ አንዱ ተመለሰ፣ አንዱ ቀረ። ልዑሉ የቀረው ደካማ ስለነበረ አይደለም። ብቻውን በሰው አገር የሚያድግ ልጅ ዕጣው በእጁ አይደለም ለማለት ነው። ይህንን በካምፕ ያለን መምህራን በደንብ እናውቀዋለን። ያለ አባትና እናት የመጣ ተማሪ በክፍላችን ሲቀመጥ ጉብዝናው ብቻውን አያድነውም፤ «እንዴት አደርክ?» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል።

ትምህርት በሕንድ፣ ሥራ በበርማ

ቻርልስ የተባለው ልጅ በሕንድ በሚስዮን ትምህርት ቤት ተማረ። ቀጥሎ ላሆር ሕክምና ኮሌጅ ገብቶ በ1882 ተመረቀ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 17 ዓመት ገደማ ነበር፤ ዛሬ ብዙዎቹ ተማሪዎቻችን በዚህ ዕድሜ ሁለተኛ ደረጃን ገና አልጨረሱም። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም እርሳቸው ናቸው። በኋላ ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው ትምህርታቸውን አጠናከሩና ከ1891 ጀምሮ በበርማ የመንግሥት ሐኪም ሆነው ሠሩ። በርማ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች።

የወረዳ ሐኪም ሥራ ምን እንደሚመስል አስቡት። አንድ ሐኪም ለአንድ ወረዳ ነው። አዋላጅ እርሱ ነው፤ ቀዶ ሐኪም እርሱ ነው፤ የፈንጣጣ ክትባት የሚከታተል እርሱ ነው፤ የእስር ቤቱንም የገበያውንም ንጽሕና የሚያይ እርሱ ነው። መድኃኒቱ ጥቂት፣ በሽታው ብዙ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሐኪም አንድ ነገር ቶሎ ይገባዋል፤ በሽታን በመድኃኒት ብቻ አትጨርሰውም። ውኃው፣ መንገዱ፣ ትምህርቱና አስተዳደሩ ካልተስተካከለ ያዳንከው ሰው ነገ ተመልሶ ይመጣል። የወርቅነህን የኋላ ሕይወት የምንረዳው ይህንን ከያዝን ነው። አለበለዚያ «ሐኪም ሆነው ሳለ ለምን ትምህርት ቤት መሩ? ለምን አውራጃ ገዙ?» ብለን ግራ ይገባናል።

ስማቸውን ያገኙበት ቀን

በ1896 ኢትዮጵያ አድዋ ላይ ጣሊያንን ድል አደረገች። ወሬው በዓለም ሲናኝ በርማ ያሉት ሐኪምም ሰሙ። የዚያ አገር ተወላጅ መሆናቸውን ያውቃሉ፤ ከዚያ በላይ ግን ምንም አያውቁም። ፈቃድ ጠይቀው በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ አዲስ አበባ ገቡ። ድንኳን ተክለው ሕሙማንን በነፃ ማከም ጀመሩ። አማርኛ አንድም ቃል አይችሉም፤ ከገዛ ወገናቸው ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር።

«ከመቅደላ የተወሰደ ሐበሻ ሐኪም መጥቷል» የሚለው ወሬ አገር ለአገር ሄደ። አንዲት አሮጊት ሴትም ሰሙ፤ አያታቸው ነበሩ። መጥተው ከሕፃንነት ጀምሮ በሰውነታቸው ላይ የነበረውን ጠባሳ አይተው ለዩዋቸው። ስምህ ወርቅነህ ነው ተባሉ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ወርቅነህ በዚያን ጊዜ ሁሉ ነገር ያላቸው ሰው ነበሩ፤ ዲፕሎማ አላቸው፣ ደመወዝ አላቸው፣ የእንግሊዝ መንግሥት ሥራ አላቸው። ያጡት ነገር በሰርተፊኬት የሚገኝ አልነበረም። ያንን የመለሰላቸው ደግሞ ፊደል ያልቆጠረ ሰው የሚያስታውሰው አንድ ጠባሳ ነው። የቤተሰብን ስም፣ የመንደርን ስም፣ የአያትን ስም ለልጅ መንገር ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። ልጆቻችሁ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ሲማሩ ደስ ይበላችሁ፤ ማታ ማታ ግን በእናት ቋንቋ፣ አማርኛም ይሁን ሶማሊኛ፣ ኦሮምኛም ይሁን ትግርኛ፣ ከየት እንደመጡ ንገሯቸው።

አማርኛ የማይችሉት ሰው በዚያው አልቀሩም። በአዋቂነታቸው እንደ ሕፃን ከሀ ሁ ጀምረው ተማሩ። በ1920ዎቹ ደግሞ በዚያው በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ አሳተሙ። «አርጅቻለሁ፣ አዲስ ቋንቋ አይገባኝም» ለሚሉ የማታ ተማሪዎቻችን ይህ በቂ መልስ አይደለም?

ሐኪሙ መምህር ሲሆኑ

ወርቅነህ ከዚያ በኋላ በበርማና በኢትዮጵያ መካከል ተመላለሱ። በ1908 በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው መጡ፤ አፄ ምኒልክ በታመሙ ጊዜ ካከሟቸው ሐኪሞችም አንዱ ነበሩ። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። በ1919 ከእንግሊዝ መንግሥት አገልግሎት በጡረታ ተሰናብተው ጠቅልለው አገራቸው ገቡ።

ጡረታ ወጡ ሲባል አረፉ ማለት አይደለም። በ1925 የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። በ1927 የጣና ሐይቅ ግድብ ጉዳይ ተሰጥቷቸው ወደ አሜሪካ ተላኩ። እግረ መንገዳቸውን የኒውዮርክ ሃርለም ጥቁሮችን አግኝተው፣ ሙያ ያላቸው ሰዎች ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲከፈት ደከሙ። ይህን ነጥብ ልብ በሉት፤ በዚያን ጊዜ የባርነት ነገር በአገሪቱ ገና አላበቃም ነበር፤ ሕግ ቢወጣም ነፃ የወጣ ሰው መሄጃ አልነበረውም። «ነፃ ነህ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ሙያና ፊደል ያስፈልገዋል ብለው ያመኑ ሰው ናቸው። ያለ ወላጅ ያደገ ሰው ይህ ቢገባው አይገርምም።

ጨርጨር

በ1930 አካባቢ የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሾሙ። አውራጃውም ለሌሎች ምሳሌ እንዲሆን ታሰበ። ያንን ዘመን ለማያውቁ ተማሪዎች ትንሽ እናብራራ። በብዙ ቦታ ሹም ደመወዝ አይከፈለውም ነበር፤ የሚኖረው ከገበሬው በሚቀበለው ግብርና ጉልበት ነው። ገበሬው ማር ይሰጣል፣ እህል ይሰጣል፣ የሹሙን ማሳ ያርሳል፣ አጥር ያጥራል። ምን ያህል እንዳለበትና መቼ እንደሚያልቅ አያውቅም። ይህ የገባር ሥርዓት ነው።

ወርቅነህ በጨርጨር የሞከሩት ሹማምንቱ ደመወዝ እንዲኖራቸው፣ ግብሩ የተወሰነና የታወቀ እንዲሆን፣ መንገድ እንዲጠረግ፣ ትምህርት ቤትና ሕክምና እንዲኖር ነው። ዛሬ ስንሰማው ተራ ነገር ይመስላል። ግን ስንት ገንዘብ እንደሚከፍል አስቀድሞ የሚያውቅ ገበሬ እና የማያውቅ ገበሬ አንድ አይደሉም። አንደኛው ለልጁ መድኃኒት የሚገዛበትን ሊያስቀር ይችላል፤ ሁለተኛው አይችልም። ያ የበርማው የወረዳ ሐኪም አሁንም እዚሁ እየሠራ ነው ማለት ነው፤ የሚያክመው አስተዳደሩን ሆነ እንጂ።

እውነቱን ለመናገር ሁሉም ነገር አልተሳካም። ለውጡ የመጣው ከላይ፣ በማዕከላዊው መንግሥት ሹም በኩል ነው፤ የጨርጨርን ገበሬ ማንም ምን ትፈልጋለህ ብሎ ጠይቆት አልተጀመረም። መሬትም ወደ አራሹ አልተመለሰም። የቆየውም ጥቂት ዓመት ነው። ታሪክ ስንማር የምናደንቀውን ሰው መልአክ ማድረግ የለብንም። በዘመኑ ከነበረው ምን ያህል አሻሻለ፣ ምንስ አልነካም ብሎ መጠየቅ የተማሪ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ስደት

በ1935 ፋሽስት ጣሊያን ኢትዮጵያን ወረረ። ወርቅነህ በዚያን ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ። ለአገራቸው እርዳታ ይገኝ ዘንድ ያልረገጡት ደጃፍ የለም፤ መንግሥታት ግን ፊታቸውን አዞሩ። በግንቦት 1936 መጀመሪያ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ፤ ከዚሁ ከጅቡቲ ወደብ በእንግሊዝ መርከብ ተሳፈሩ። የእኛ መንገድ ያኔም የስደት መንገድ ነበር።

ሁለቱ የወርቅነህ ልጆች፣ ዮሴፍና ቤንጃሚን፣ እንግሊዝ አገር ምሕንድስና የተማሩ ወጣቶች ነበሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ። በየካቲት 1937 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ጣሊያኖች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ እልቂት አወረዱ፤ የተማሩትን ወጣቶችም እየለቀሙ ገደሉ። ሁለቱ ወንድማማቾች ከተገደሉት መካከል ናቸው። አባት በባዕድ አገር ሆነው የልጆቻቸውን ሞት ሰሙ።

በሦስት ዓመታቸው በጦርነት ከወላጅ የተለዩ ሰው፣ በሰባዎቹ ዕድሜያቸው በሌላ ጦርነት ልጆቻቸውን አጡ። ይህን ለማጽናኛ ብለን አንናገርም፤ ማጽናኛ የለውም። ግን ከመካከላችን ተመሳሳይ ሐዘን የያዘ ሰው ብቻውን እንዳልሆነ ይወቅ።

ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1952 አዲስ አበባ ላይ አረፉ። ለብዙ ዓመታት የዕለት ማስታወሻ ይጽፉ ስለነበር ዛሬ ስለ እርሳቸው ይህን ያህል ማወቅ ተችሏል፤ በ2012 የወጣው ትልቁ የሕይወት ታሪካቸው መጽሐፍ በዚያ ማስታወሻ ላይ የተመሠረተ ነው። አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይህን ይሠራል።

ምን ተረፈ?

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል። የሐኪም ወርቅነህ ስም ቀርቷል። ግን ከስማቸው ይልቅ የጀመሩት ሥራ ማን ቀጠለው የሚለው ይበልጣል።

በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ዓላማው ለትልቅ ሆስፒታል ስፔሻሊስት ማውጣት አልነበረም። የጤና መኮንን፣ ነርስና የሳኒቴሽን ባለሙያ በአንድ ላይ አሠልጥኖ በቡድን ወደ ትናንሽ ከተሞች መላክ ነው። ከሦስቱ አንዱ ያክማል፣ አንዷ እናቶችንና ሕፃናትን ትጎበኛለች፣ አንዱ ምንጭና ሽንት ቤት ያያል። የወረዳ ሐኪም ብቻውን ይሠራ የነበረውን ለሦስት ተካፈሉት ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው በ1964 ነው፤ ወርቅነህ ከላሆር ከተመረቁ 82 ዓመት በኋላ። ከ2003 ጀምሮ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ፤ ከ30,000 በላይ ሴቶች ሠልጥነው በየቀበሌው ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ክትባት፣ ስለ ወሊድና ስለ ንጽሕና አስተማሩ።

ከኢትዮጵያ ወጣ ብለንም እንይ። ፈንጣጣ ከምድር የጠፋው በዚሁ በእኛ ቀንድ አካባቢ ነው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው በ1976 ነው። በዓለም በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የመጨረሻው ሕመምተኛ ደግሞ በ1977 በሶማሊያ መርካ ከተማ የተገኘው የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ዓሊ ማአው ማሊን ነው። ዓሊ ድኖ፣ በኋላ ዘመኑ ሰው ልጁን ፖሊዮ እንዲያስከትብ እየዞረ ያስተምር ነበር፤ በዚሁ ሥራ ላይ እያለ በ2013 ሞተ። ፈንጣጣን ያጠፉት ትላልቅ ፕሮፌሰሮች ብቻ አይደሉም። በእግር፣ በበቅሎና በግመል መንደር ለመንደር የዞሩ ከታቾች ናቸው።

ስለዚህ ተማሪዎቻችን «ዶክተር መሆን እፈልጋለሁ» ስትሉ ደስ ይለናል፤ ብዙዎቻችሁ ትሉታላችሁ። መንገዱ ረጅም ነው፣ ዕድሉም ጠባብ ነው፤ ይህን መደበቅ ተገቢ አይደለም። ጅቡቲ በ2017 ባወጣችው የስደተኞች ሕግ የመማር መብት ታውቋል፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የኢጋድ አገሮች ስለ ስደተኞች ትምህርት እዚሁ ጅቡቲ ላይ መግለጫ ፈርመዋል። በወረቀት ያለው መብት ወደ ክፍል የሚገባው ግን መምህሩ በሰዓቱ ሲገኝና ተማሪው ሲቀር «የት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅ ሲኖር ነው። ዶክተር መሆን ያልቻለ ድሬሰር፣ አዋላጅ፣ የውኃ ባለሙያ፣ ከታች ወይም የጤና አስተማሪ ሊሆን ይችላል። የሐኪም ወርቅነህ ሕይወት የሚያሳየን እነዚህ ሁሉ አንድ ሥራ መሆናቸውን ነው።

ለክፍል ውይይት

መምህራን፣ ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች ለታሪክም ሆነ ለቋንቋ ክፍለ ጊዜ ልትጠቀሙባቸው ትችላላችሁ።

1. ሕፃኑን ከመቅደላ የወሰደው ጦር አምባውንም አቃጥሏል። ልጁን ያስተማረውም የዚያው ጦር ሰው ነው። በጎ ሥራው ጥፋቱን ይሽረዋል ትላላችሁ? ምክንያታችሁን ጻፉ።
2. ደመወዝ የሌለው ሹም እና ደመወዝ ያለው ሹም ባሉበት ሁለት መንደሮች ውስጥ የአንድ ገበሬን ዓመት አወዳድሩ።
3. በሰፈራችሁ ካሉ ሽማግሌዎች አንዱን ጠይቁ፦ በልጅነትዎ ሰው ሲታመም ማን ያክም ነበር? የሰማችሁትን በአንድ ገጽ አምጡ።
4. ለአንድ ሳምንት የዕለት ማስታወሻ ያዙ። በየቀኑ አምስት መስመር ይበቃል።

ለሦስተኛው ጥያቄ ከምታመጡት መካከል ጥሩ ጥሩዎቹን በሚቀጥለው እትም ለማውጣት አስበናል። ጽሑፉን ለክፍል አለቃችሁ ስጡ። እስከዚያው ቸር እንሰንብት።